ጋሻውን ከልክላችሁ ጦሩን አትልቀቁ

ለዩናይትድ ስቴትስ የንግድ ሚኒስቴር፣ የኢንዱስትሪና ደኅንነት ቢሮ
ለዩናይትድ ስቴትስ የፍትሕ ሚኒስቴር
ግልባጭ፦ ለሜሪላንድና ለቨርጂኒያ የኮንግረስ ተወካዮች

ጉዳዩ፦ የምስጠራ ቴክኖሎጂ የወጪ ንግድ ደንብንና "የምስጠራ ቁልፍ ለፖሊስ ይሰጥ" የሚለውን ጥያቄ ይመለከታል

ክቡራትና ክቡራን፣

ኢትዮጵያ ተወልጄ ቨርጂኒያ የምኖር፣ በሶፍትዌር ሙያ የምተዳደር የዚህ አገር ዜጋ ነኝ። እኔና ባልደረቦቼ የምንሠራው ፕሮግራም ፋይልና መልእክት የሚመሰጥር ክፍል ስላለው፣ ውጭ አገር ላለ ደንበኛ ከመድረሱ በፊት በንግድ ሚኒስቴር ደንብ በኩል ያልፋል። የፍትሕ ሚኒስቴር ደግሞ በየጥቂት ዓመቱ ኮንግረስ ፊት እየቀረበ፣ ፖሊስ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ሲይዝ የተመሰጠረውን ሁሉ የሚከፍትበት መንገድ እንዲዘጋጅለት ይጠይቃል። ሁለታችሁ ነገሩን ለየብቻ ይዛችሁታል፤ አንዳችሁ እንደ ንግድ፣ አንዳችሁ እንደ ወንጀል ምርመራ። መልእክቱን ለምንልከውና ለምንቀበለው ሰዎች ግን ጉዳዩ አንድ ነው። ስለዚህ ደብዳቤዬም ለሁለታችሁ በአንድነት ነው።

በአማርኛ የጻፍኩት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ ፍራንክፈርት፣ እስከ ቴል አቪቭና እስከ ዱባይ ያሉ ወገኖቼ በእጃቸው ስለያዙት ስልክ የሚወሰነውን ነገር በራሳቸው ቋንቋ እንዲያነቡት ስለምፈልግ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ለእነሱ ስል ነገሩን ባጭሩ ላስረዳ። ምስጠራ፣ ብዙዎቻችን ኢንክሪፕሽን የምንለው፣ ጽሑፍን፣ ድምፅን ወይም ፎቶን ቁልፉ በሌለው ሰው ዘንድ ምንም ትርጉም ወደማይሰጥ የቁጥር ክምር የሚለውጥ የሒሳብ ሥራ ነው። ቁልፉ ራሱ ቁጥር ነው፤ ርዝመቱ በቢት ይለካል። አንድ ቢት በተጨመረ ቁጥር ቁልፉን እየገመተ የሚፈልገው ሰው ድካም እጥፍ ይሆናል። በዋትስአፕና በሲግናል ያለው ምስጠራ "ከጫፍ እስከ ጫፍ" የሚባለው ቁልፉ በላኪውና በተቀባዩ ስልክ ላይ ብቻ ስለሚቀመጥ ነው፤ ኩባንያው ራሱ መልእክቱን ማንበብ አይችልም። ቴሌግራም በተራው የጽሑፍ ልውውጥ እንዲህ አይሠራም። ይህን የማያውቁ ብዙ ወገኖች ስላሉን እግረ መንገዴን ልናገረው።

ይህ ሒሳብ በአሜሪካ ሕግ ለረዥም ዘመን ተመዝግቦ የኖረው ከታንክና ከሚሳኤል ጋር ነው። ከአገር ለማውጣት ፈቃድ የሚሰጠው የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ነበር፤ መዝገቡም የጦር መሣሪያዎች ዝርዝር ይባል ነበር። ፊል ዚመርማን የተባለ የኮሎራዶ ሰው በ1991 ፒጂፒ የተባለውን የኢሜይል መመስጠሪያ በነፃ ሲለቅ፣ ፕሮግራሙ በኢንተርኔት ድንበር ተሻግሯል ተብሎ ለሦስት ዓመት ያህል የወንጀል ምርመራ ተካሄደበት። በጃንዋሪ 1996 ያለ ክስ መዝገቡ ተዘጋ። በ1997 የፕሮግራሙ አዲስ እትም ሶርስ ኮድ፣ ማለትም ፕሮግራሙ የተጻፈበት ጽሑፍ፣ በመጽሐፍ መልክ ታተመና ወረቀቱ አውሮፓ ተሻገረ፤ መጽሐፍ ከአገር ማውጣት አይከለከልምና። እዚያም በስካነር ገጽ በገጽ ተነብቦ እንደገና ፕሮግራም ሆነ። ያው ጽሑፍ በዲስክ ሲሆን የጦር መሣሪያ፣ በወረቀት ሲሆን መጽሐፍ ነበር። ዳንኤል በርንስታይን የተባለ የበርክሊ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ይህን ይዞ መንግሥትን ከሰሰ። በ1996 የካሊፎርኒያ የፌዴራል ፍርድ ቤት ሶርስ ኮድ በሕገ መንግሥቱ የተጠበቀ ንግግር ነው ብሎ ፈረደለት፤ በ1999 የይግባኝ ዳኞች አጸኑት። ጉዳዩ በሰፊ ችሎት እንደገና እንዲታይ ከተወሰነ በኋላ ግን መንግሥት ራሱ ደንቡን ለወጠው።

በዚያን ዘመን ኔትስኬፕ ብሮውዘሩን በሁለት ዓይነት ያዘጋጅ ነበር፤ ለአሜሪካ ሰው 128 ቢት፣ ለውጭው ዓለም 40 ቢት። ካይሮም ሆነ ፓሪስ ያለ ተራ ሰው የሚደርሰው ሁለተኛው ነው። በ1995 ዳሚየን ዶሊዤ የተባለ ፈረንሳዊ ተመራማሪ፣ ሥራ የፈቱ ኮምፒውተሮችን ሰብስቦ በ8 ቀን ሰበረው። በ1997 መጀመሪያ ኢያን ጎልድበርግ የተባለ የበርክሊ ተማሪ የ40 ቢት ቁልፍን በ3 ሰዓት ተኩል አገኘ። ደንቡ ለውጭ ሰው የተወለት ጥበቃ የአንድ ተማሪን የግማሽ ቀን ሥራ ያህል እንኳ አልሆነም።

ፖሊስ ቁልፍ ይሰጠው የሚለው ሐሳብ ወደ ተግባር የገባው በኤፕሪል 1993 ነው። ዋይት ሃውስ ክሊፐር የተባለ፣ በስልክ ውስጥ የሚገጠም ቺፕ ይዞ ቀረበ። ምስጠራው በጊዜው ከነበረው ተራ ምስጠራ የበረታ፣ 80 ቢት ነበር። የእያንዳንዱ ቺፕ ቁልፍ ቅጂ ግን ለሁለት ተከፍሎ፣ ግማሹ በንግድ ሚኒስቴር ሥር ባለው የስታንዳርዶችና ቴክኖሎጂ ተቋም፣ ግማሹ በገንዘብ ሚኒስቴር ሊቀመጥ ታሰበ። መርማሪው የዳኛ ትእዛዝ ሲይዝ ሁለቱን ግማሾች ተቀብሎ ይገጥማቸዋል። በወረቀት ላይ ጥንቃቄ ያልተለየው አሠራር ነው፤ ያሰቡት ሰዎችም ክፉ ሐሳብ ነበራቸው አልልም።

በ1994 የኤቲ ኤንድ ቲ ተመራማሪ የነበረው ማት ብሌዝ ቺፑን መረመረ። ስልኩ ለመርማሪው የሚልከው መለያ እውነተኛ መሆኑን የሚያረጋግጠው ቁጥር 16 ቢት ብቻ መሆኑን አየ። ሐሰተኛ መለያ ደጋግሞ በመሞከር ማረጋገጫውን ማለፍ፣ መርማሪውንም በር ላይ ማስቀረት ይቻላል። እንግዲህ ነገሩን የሚያውቅ ወንጀለኛ ከፖሊስ ያመልጣል፤ ምንም የማያውቀው ሰው የቁልፉ ቅጂ ግን በሁለት ቢሮ ይቀመጣል። የውጭው ገበያም አለ። የቁልፉ ቅጂ ዋሽንግተን የተቀመጠበትን ስልክ የጀርመን ወይም የጃፓን ኩባንያ ምን ብሎ ይገዛዋል? ክሊፐር ፈላጊ አጥቶ ቀረ።

ቀጥሎ የሆነው ነው ሁለታችሁን በአንድ ደብዳቤ እንድጠራ ያደረገኝ። በኖቬምበር 1996 ፕሬዚዳንት ክሊንተን የንግድ ምስጠራን ከጦር መሣሪያዎች ዝርዝር አውጥተው ወደ ንግድ ሚኒስቴር አዛወሩት። መልካም እርምጃ ነበር፤ ሆኖም ድርድር ተያይዞበት መጣ። አንድ ኩባንያ 56 ቢት ምስጠራ ወደ ውጭ ለመላክ ለሁለት ዓመት ይፈቀድለታል፤ በምላሹ ቁልፍን ለመንግሥት መልሶ ለማግኘት የሚያስችል ሥርዓት ሊሠራ እቅድ አቅርቦ ቃል ይገባል። የወጪ ንግድ ፈቃዱ የቁልፍ መደራደሪያ ሆነ። ኮንግረስ ያላወጣው ግዴታ በፈቃድ ጠረጴዛ በኩል ገባ። ይህን ያደረገው ሕግ አይደለም፤ ደንብ ነው፤ በደንብ የመጣ ነገር ነገም በደንብ ሊመለስ ይችላል።

በሜይ 1997 ዊትፊልድ ዲፊ፣ ሮናልድ ሪቨስት፣ ሮስ አንደርሰንና ብሩስ ሽናየር ያሉባቸው 11 የዘርፉ ሊቃውንት እንዲህ ያለው ሥርዓት ምን አደጋና ምን ወጪ እንደሚያስከትል በዝርዝር ጻፉ። የጻፉት የፖለቲካ ክርክር አልነበረም፤ የምሕንድስና ነው። ቁልፎች በአንድ ቦታ ሲከማቹ ያ ቦታ ከሁሉ የበለጠ የሚፈለግ ዒላማ ይሆናል፤ ቁልፉን ለማስረከብ የሚጨመረው እያንዳንዱ ክፍል አዲስ ስሕተት የሚገባበት ቀዳዳ ይፈጥራል፤ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ቁልፎችን በአስተማማኝ ሁኔታ ይዞ ለሺዎች የፖሊስ ጣቢያዎች በሰዓቱ የሚያቀርብ ሥርዓት ማንም ሠርቶ አያውቅም። በ2015 ብዙዎቹ እነዚያው ሰዎች፣ ሌሎች ተጨምረውባቸው፣ እንደገና ተሰብስበው አዩት፤ የደረሱበት መደምደሚያም አደጋው ከበፊቱ ይብሳል የሚል ነበር። በ1998 ደግሞ የዲጂታል መብት ተሟጋቹ ኤሌክትሮኒክ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ከ250,000 ዶላር ባነሰ ወጪ በሠራው ማሽን የ56 ቢቱን ቁልፍ በ56 ሰዓት አገኘው። በድርድር የተፈቀደው ጥበቃም ከሦስት ቀን በታች የሚቆይ መሆኑ ታወቀ። በጃንዋሪ 2000 ደንቡ ላላ፤ ጠንካራ ምስጠራም ድንበር መሻገር ጀመረ።

ብዙ ሰው ታሪኩ እዚያ ያበቃ ይመስለዋል። በማርች 2015 ተመራማሪዎች "ፍሪክ" ብለው የጠሩትን ቀዳዳ ይፋ አደረጉ። ለውጭ ሰው ተብሎ እንዲደክም የተደረገው ምስጠራ ደንቡ ከላላ ከ15 ዓመት በኋላም በሰርቨሮችና በብሮውዘሮች ውስጥ ተኝቶ ነበር። በመካከል የገባ ሰርጎ ገብ ሁለቱን ወገኖች አታሎ ወደዚያ ወደ ድሮው 512 ቢት ቁልፍ እንዲወርዱ ያደርጋቸዋል (ይህ ከላይ ከጠቀስኳቸው የተለየ ዓይነት ቁልፍ ነው፤ ርዝመቱ ከእነሱ ጋር አይነጻጸርም)። እንዲህ ያለውን ቁልፍ 100 ዶላር ገደማ በሚያስወጣ የኪራይ ኮምፒውተር በሰዓታት ውስጥ መስበር ይቻል ነበር። የአንድሮይድና የአፕል ስልኮች ተጋልጠው ተገኙ። ከተጋለጡት ድረ ገጾች መካከል የዋይት ሃውስ፣ የኤፍቢአይና የብሔራዊ ደኅንነት ኤጀንሲው ይገኙባቸዋል። ሦስት ወር ሳይሞላ ሎግጃም የተባለ ወንድሙ ተገኘ፤ ምንጩም ያው የወጪ ንግድ ምስጠራ ነው። አገሬ ቢሆን የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባል ነበር። የሩቁን ሰው ለመስማት ተብሎ የተዳከመው ጥበቃ ዞሮ የራስን ቤት ከፈተ፤ ከዓመታት በኋላ፣ በዚያ ዘመን ገና ያልተወለዱ ልጆችን ስልክ ሳይቀር።

ስለ ፖሊስ መግቢያም ተመሳሳይ ማስረጃ አለ። በ2004 እና በ2005 በግሪክ ለሕጋዊ ጠለፋ በስልክ ማዞሪያ ውስጥ የተሠራው መሣሪያ ማንነታቸው ባልታወቀ ሰዎች እጅ ገብቶ የጠቅላይ ሚኒስትሩን ጨምሮ ከ100 በላይ ሰዎች ስልክ ለወራት ተጠለፈ። እዚህ አገር በ1994 የወጣው ካሊያ የተባለው ሕግ የስልክ ኩባንያዎች ለፖሊስ የመጥለፊያ መንገድ እንዲያዘጋጁ ያስገድዳል። በ2024 መንግሥታችሁ ከቻይና መንግሥት ጋር ያያያዛቸው፣ ሶልት ታይፉን የተባሉ ሰርጎ ገቦች ወደ ትልልቆቹ የአሜሪካ ስልክ ኩባንያዎች መግባታቸው ታወቀ። ኤፍቢአይና የሳይበር ደኅንነት ኤጀንሲው በጋራ ባወጡት መግለጫ፣ ከተወሰዱት መረጃዎች መካከል በፍርድ ቤት ትእዛዝ በፖሊስ የተጠየቁ መረጃዎች እንደሚገኙበት ተናገሩ። በዲሴምበር 2024 የሳይበር ደኅንነት ኤጀንሲው ከፍተኛ ኃላፊነት ያላቸው ሰዎች ከጫፍ እስከ ጫፍ በተመሰጠረ መልእክት ብቻ እንዲገናኙ በጽሑፍ መከረ። ለባለሥልጣን የሚመከረውን ጥበቃ ለሕዝቡ ደግሞ ቀዳዳ ያለው ይሁንለት ብሎ መጠየቅ እንዴት ይቻላል? ለንደን በ2025 መጀመሪያ ከአፕል ተመሳሳይ መግቢያ ስትጠይቅ ኩባንያው ጠንካራውን የክላውድ ምስጠራ ከብሪታንያ ደንበኞቹ አነሣ፤ ዋሽንግተንም የአሜሪካውያን መረጃ ይጋለጣል ብላ ተቃወመች። መቃወሟ ትክክል ነበር። ያው ምክንያት ለራሷም ይሠራል።

አሁን ወደ ወገኖቼ ልምጣ፤ በዚህ ደብዳቤ ካነሣሁት ሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበኝ የእነሱ ጉዳይ ነው።

ኪዳኔ በሚል ተለዋጭ ስም በፍርድ ቤት የሚታወቅ፣ ኢትዮጵያ የተወለደ አሜሪካዊ ዜጋ ሲልቨር ስፕሪንግ ሜሪላንድ ይኖር ነበር። በ2012 መጨረሻ ከኢሜይል ጋር ተያይዞ የመጣ አንድ የዎርድ ሰነድ ኮምፒውተሩ ውስጥ ፊንስፓይ የተባለውን የስለላ ሶፍትዌር ተከለ። እስከ 2013 የፀደይ መግቢያ ድረስ ለወራት የስካይፕ ንግግሩን ቀዳ፣ ኢሜይሉን ገለበጠ፤ ልጁ ለትምህርት ቤት ሥራ በኢንተርኔት የፈለገውን ሳይቀር መዘገበ። የክስ ማመልከቻው እንደሚለው መረጃው የሚላከው አዲስ አበባ ወዳለ ሰርቨር ነበር። ሰውየው የኢትዮጵያን መንግሥት ከሰሰ። በማርች 2017 የዋሽንግተን ዲሲ የይግባኝ ፍርድ ቤት፣ ድርጊቱ ከጅምሩ እስከ ፍጻሜው በአሜሪካ ምድር ስላልተፈጸመ በሌላ አገር መንግሥት ላይ ክስ ልንሰማ አንችልም ብሎ አሰናበተው። አንድ ዜጋ ቤቱ ውስጥ፣ ጠረጴዛው ላይ ባለ ኮምፒውተር ተሰለለ፤ የሚሰማው ችሎት ግን አላገኘም።

ያ ሶፍትዌር የተሠራው በአውሮፓ ነው፤ ለመንግሥታት የሚሸጥ ሸቀጥ ነበር። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ያለው ሲትዝን ላብ በ2013 ፊንስፓይ የኢትዮጵያ ተቃዋሚዎችን ፎቶ እንደ ማጥመጃ ሲጠቀም አገኘው። በ2014 ሃኪንግ ቲም የተባለው የሚላኖ ኩባንያ ሶፍትዌር በዚሁ በዋሽንግተን አካባቢና በብራስልስ ባሉ የኢሳት ቴሌቪዥን ባልደረቦች ላይ መነጣጠሩን ይኸው ተቋም አሳየ። በ2017 ደግሞ ሳይበርቢት በተባለ የእስራኤል ኩባንያ የተሠራ ሶፍትዌር በውጭ ባሉ የኦሮሞ ተቆርቋሪዎችና የኦሮሞ ሚዲያ ኔትወርክ ሰዎች ላይ ሲሠራ ተያዘ፤ የሚመጣው የቪዲዮ ማጫወቻ ማሻሻያ መስሎ ነበር። ተሰላዮቹ በፖለቲካ ይለያያሉ፤ አንዳንዶቹ እርስ በርሳቸው አይስማሙም። በደሉ ግን አንድ ዓይነት ነው። በአዲስ አበባም በ2014 የታሰሩት የዞን ዘጠኝ ጦማርያንና ጋዜጠኞች ላይ የቀረበው የሽብር ክስ የመልእክት ምስጠራ መሣሪያ መጠቀምንና ሥልጠና መውሰድን እንደ ወንጀል ማስረጃ ቆጥሮ ነበር። በኋላ ከሽብር ክሱ ነፃ ወጡ፤ የታሰሩበትን ጊዜ ግን ማንም አልመለሰላቸውም።

ክቡራትና ክቡራን፣ ሁለቱን ታሪኮች ጎን ለጎን አኑሩና እዩዋቸው። ምስጠራ ጋሻ ነው፤ ማንንም አይወጋም። የስለላ ሶፍትዌር ጦር ነው፤ ለመውጋት የተሠራ ነው። ጋሻው በጦር መሣሪያ መዝገብ ተጽፎ ፈቃድ ሲጠየቅበት፣ ጦሩ ስም እንኳ ሳይወጣለት ከሙኒክና ከሚላኖ እየተጫነ ሄደ። የወጪ ንግድ ቁጥጥራቸውን የሚያስተባብሩት የቫሰናር ስምምነት አገሮች የሰርጎ መግቢያ ሶፍትዌርን በቁጥጥር ዝርዝራቸው የጻፉት በዲሴምበር 2013 ነው፤ ኪዳኔ ከተሰለለ በኋላ። አሜሪካ ያንን በደንቧ ያስገባችው በኦክቶበር 2021 ነው። በመካከሉ በ2015 የቀረበው ረቂቅ በጣም ሰፊ ስለነበር ቀዳዳ ፈልገው የሚደፍኑ ቅን ተመራማሪዎችን ሊያስር እንደሚችል ባለሙያዎች ተቃውመውት ወደ ኋላ ተመልሷል፤ ተቃውሞው ትክክል ነበር፤ ቢሮአችሁ መስማቱም ያስመሰግነዋል። በኖቬምበር 2021 የስለላ ሶፍትዌር ሻጮቹን ኤንኤስኦንና ካንዲሩን፣ በጁላይ 2023 ኢንተሌክሳንና ሳይትሮክስን በተከለከሉ ድርጅቶች መዝገብ ማስገባታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የወጪ ንግድ ቁጥጥር ሥልጣናችሁ ትክክለኛ ቦታው እዚያ ነው።

የፍትሕ ሚኒስቴር የሚያነሣውን ጭንቀት አቃልዬ አላየውም። ሕፃናትን የሚደፍሩና ምስሉን የሚለዋወጡ፣ ሆስፒታል ዘግተው ገንዘብ የሚጠይቁ፣ ሰው የሚገድሉ አሉ። በዲሴምበር 2015 በሳን በርናርዲኖ 14 ሰዎች ተገድለዋል፤ የገዳዩን ስልክ መክፈት የሚፈልግ መርማሪ ሥራውን እየሠራ ነው። ነገር ግን ያን ጊዜ ኤፍቢአይ አፕል የራሱን ጥበቃ የሚያፈርስ ሶፍትዌር እንዲጽፍ በፍርድ ቤት አስገድዶ ሲከራከር ቆይቶ፣ በማርች 2016 በሌላ ወገን እርዳታ ያንን አንድ ስልክ ከፈተና ጉዳዩን አነሣ። አንድን የተጠርጣሪ ስልክ በዳኛ ትእዛዝ መክፈትና የሁሉንም ሰው ስልክ ቁልፍ አስቀድሞ ማዘጋጀት ፈጽሞ አይገናኙም። የመጀመሪያው ምርመራ ነው፤ ሁለተኛው በየትኛውም መንግሥት እጅ ሊቀመጥ የማይገባ ሥልጣን ነው። ኤፍቢአይ መክፈት አልቻልኩም ብሎ ለኮንግረስ ሲያቀርበው የነበረው ወደ 7,800 የሚጠጋ የስልኮች ብዛትም በ2018 ስሕተት መሆኑን ራሱ አመነ፤ ትክክለኛው ከ1,000 እስከ 2,000 ባለው መካከል እንደሆነ ተዘገበ። ሕግ የሚወጣው በእውነተኛ ቁጥር ላይ ቆሞ ነው።

ደግሞም ክፉ የሚያስብ ሰው አሜሪካ የሠራችውን ብቻ እንዲጠቀም የሚያስገድደው የለም። በ2016 በተደረገ ጥናት ከተቆጠሩት 865 የምስጠራ ሶፍትዌሮችና መሣሪያዎች 546ቱ ከአሜሪካ ውጭ የተሠሩ ነበሩ። የአሜሪካውን ምስጠራ ብታዳክሙት ወንጀለኛው ወደ ሌላው ይሻገራል። የሚቀረው ሌላ መንገድ የሌለው ሰው ነው፦ ሪያድና ቤይሩት በሰው ቤት ተቀጥራ የደረሰባትን በደል ሌሊት ለእህቷ የምትጽፍ ልጅ፣ ከምንጩ ጋር የሚገናኝ ጋዜጠኛ፣ ጥገኝነት ጠይቆ ከጠበቃው ጋር የሚጻጻፍ ስደተኛ፣ አገር ቤት ያሉ ወላጆቿ በእሷ ንግግር ምክንያት እንዳይጠየቁ የምትፈራ ተማሪ። ዛሬ ለኤፍቢአይ የሚሠራው ቁልፍ ነገ በሌላ ዋና ከተማ ይጠየቃል። ኩባንያው ለዋሽንግተን የለኝም ማለት ካልቻለ፣ ለሌላውም የለኝም ማለት አይችልም። የእኛ ማኅበረሰብ በዚህ ጉዳይ በግምት አይናገርም፤ ጦሩን በገላው አይቶታል።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ግልጽ ነው። የንግድ ሚኒስቴር የወጪ ንግድ ፈቃድን ዳግመኛ የቁልፍ መደራደሪያ እንዳያደርግ፣ ለሕዝብ በነፃ ስለሚለቀቅ ምስጠራ በ2021 የተደረገውንም ማቅለያ እንዳይመልስ እንዲያረጋግጥልን። የስለላ ሶፍትዌር ሻጮችን መዝገብ ሳይላላ፣ ሻጩ የወዳጅ አገር ኩባንያ ሲሆንም ጭምር፣ እንዲቀጥልበት። የፍትሕ ሚኒስቴር አጠቃላይ መግቢያ መጠየቁን ትቶ የየአካባቢው ፖሊሶች በዳኛ ትእዛዝ የተያዘን አንድ ስልክ የሚመረምሩበት ባለሙያና ቤተ ሙከራ እንዲያገኙ ኮንግረስን በጀት እንዲጠይቅ። የኮንግረስ ተወካዮቻችንም ሁለት ነገሮችን በሕግ እንዲያጸኑ፦ ምስጠራን ማዳከም የወጪ ንግድ ቅድመ ሁኔታ እንዳይሆን፣ እንዲሁም በዚህ አገር ምድር ላይ ኮምፒውተሩ የተሰለለ ሰው ሰላዩ የውጭ መንግሥት ቢሆንም እንኳ ችሎት እንዳያጣ። የኪዳኔን ክስ ያሰናበቱት ዳኞች የተጻፈውን ሕግ ነው የተረጎሙት፤ ሕጉን መጻፍ የኮንግረስ ነው።

ወገኖቼ፣ ይህን ያነበባችሁ የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ነዋሪዎች፣ የወረዳችሁን ተወካይ ቢሮ ደውላችሁ እነዚህን ሁለት ሕጎች ጠይቁ። ለመደወል እንግሊዝኛ ማጥራት አያስፈልግም፤ ነዋሪ መሆናችሁንና ጥያቄያችሁን ተናገሩ፤ አስተርጓሚ ካስፈለጋችሁ ጠይቁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

በቨርጂኒያ ነዋሪ የሆነ የሶፍትዌር ባለሙያ